ፍል ውሃ ያላስለቀቀው ወረቀት

ስልኩ ሲጠራ የብርቱካን ሁለት እጆች በእንዶድ አረፋ ተለውሰው ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብሎ በተከራየቻት አንዲት ክፍል፣ የፈላውን እንዶድ በስስ ጨርቅ እያጠለለች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ አነሳችው። የደወለችው ትእዛዝ ነበረች።

ትእዛዝ ወንዛዬ ላይ፣ ወደ ፍል ውሃው ከሚያወርደው መንገድ ዳር፣ ሱቅ አላት። ለመታጠብ ለሚመጣው ሰው ፎጣ፣ ነጠላ ጫማና ብስኩት ትሸጣለች። ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ብርቱካን ቤቷ ውስጥ የምታዘጋጃቸውን ሁለት ዕቃዎች ትሸጥላት ነበር። አንዱ በእንዶድና በሎሚ የተሠራ የፀጉር ሳሙና ነው። ሌላው የተልባ ዘይትና ጥቁር አዝሙድ የገባበት የገላ ቅባት ነው። ሁለቱም የሚሸጡት ታጥበው በደረቁ የውሃ ሃይላንዶች ነበር፤ የሁለቱም መልክ ደፍረስ ያለ ቡናማ ነው። የሚለያቸው የተለጠፈባቸው ወረቀት ብቻ ነበር።

ትእዛዝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሆነውን ነገረቻት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይሻው የሚባሉ የሐሙሲት ጡረተኛ አስተማሪ ለጉልበታቸው ሊታጠቡ መጥተው ቅባት ጠየቋት። አንስታ ሰጠቻቸው። የሰጠቻቸው ግን ሳሙናውን ነበር። እንፋሎቱና የገዢው እርጥብ እጅ የአብዛኞቹን ወረቀት አስለቅቆታል፤ ያልለቀቀውም ቀለሙ ፈስሶ የተጨማለቀ ነገር ሆኗል። የቱ የቱ እንደሆነ ክዳኑን ከፍተው ካላሸተቱት በቀር አይለይም። የዚያን ዕለት ሰው በዝቶባት ትእዛዝ አላሸተተችውም። ጋሽ ይሻው ታጥበው ሲጨርሱ መዳፋቸውን ሞልተው ፊታቸውን ተቀቡት። ግራ ዓይናቸው አምና ሞራው በቀዶ ጥገና የተነሳለት ነው። ሰዎች ደግፈው ነው ወደ ቤታቸው የወሰዷቸው።

«ዓይናቸው አብጦ ተኝተዋል አሉ» አለች ትእዛዝ። «ግን ስሚኝማ፤ ያንቺ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም። ጠርሙሱ ላይ ምንም አልቀረበትም። የማን ዕቃ ነው ብለው ልከውብኝ አላውቅም ብያለሁ። የቀረውንም ከመደርደሪያው አንስቸዋለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ብርቱካን በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን ጠርሙሶች ስታይ ቆየች። ሰባት ዓመት የሰው ፀጉር ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ያሠራቻት ባለ ሱቅ ጠቅልላ ባሕር ዳር ስትገባ፣ ብርቱካን የሳሙናውንና የቅባቱን አሠራር ይዛ ቀረች። ወረቀቱን ያሠራችው ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሀብታሙ ዘንድ ነው። የብርቱካን ፍሬ ሥዕል፣ በዙሪያው አበባ፣ ከሥሩ ስሟና የስልክ ቁጥሯ፤ ሁሉም በቀለም። መጀመሪያ የታተመውን አንሶላ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታዋለች። የለጠፈችው ደግሞ በዱቄት ሙጫ ነበር። ውሃ እንደሚነካው አጥታው አይደለም። የሚታጠቡበት ቦታ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑን እያወቀች፣ እስኪሸጥ ድረስ ይቆያል ብላ አልፋዋለች።

ዝም ብትል ነገሩ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነበር። ይህን ደጋግማ አሰበችው፤ እያሰበችውም እንዶዱን አጥልላ ጨረሰች፣ ዕቃዎቹን አጠበች፣ ወለሉን ጠረገች። በማግሥቱ ጧት ግን መናኸሪያ ሄደች። ወረታ ላይ መኪና ቀይራ ረፋዱ ላይ ሐሙሲት ደረሰች።

የጋሽ ይሻውን ቤት ለማግኘት አልተቸገረችም። የጠየቀችው ሰው ሁሉ አስተምረውታል። በሩን የከፈቱት ሚስታቸው ወይዘሮ ውዴ ነበሩ፤ አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያጠበቁ ሴትዮ። ብርቱካን ማን እንደሆነች ስትነግራቸው ከበሩ አልተንቀሳቀሱም። ባላቸው ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ዓይኑን ሳይገልጥ እንደቆየ፣ ያን ዓይን ለማሠራት የወንድማቸው ልጅ ከሩቅ አገር ገንዘብ እንደላከላቸው፣ እሷ ግን የማይታወቅ ነገር በጠርሙስ እየሞላች እንደምትሸጥ አንድ በአንድ ነገሯት። ብርቱካን አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከውስጥ የሰውዬው ድምፅ እንድትገባ እስኪያዝ ድረስ ወይዘሮ ውዴ አላስገቧትም።

ጋሽ ይሻው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ግራ ዓይናቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነዋል። ቀጭን ረዥም ሰው ናቸው። በቀኝ ዓይናቸው ትክ ብለው አዩዋት።

«ጠርሙሱ ላይ ስም አልነበረበትም» አሉ። «ያንቺ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጋሼ። እዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ሳሙና የሚሠራ ሌላ ሰው የለም።»

«ባለ ሱቋ አላውቅም ብላኛለች።»

ብርቱካን ትእዛዝን አሳልፋ መስጠት አልፈለገችም፤ መዋሸትም አልቻለችም። «ፈርታ ይሆናል» አለች።

«አንቺስ አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ።»

ጋሽ ይሻው ወይዘሮ ውዴን ጠርተው ለልጅቱ ውሃ እንዲሰጧት ጠየቁ። ብርቱካን ይቅርታ ጠየቀች፤ የሕክምናውንም ወጪ እንደምትችል ተናገረች። እሳቸው በእጃቸው ተይው የሚል ምልክት አሳዩ። ወይዘሮ ውዴ ግን ውሃውን እየሰጧት፣ የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ የፊታችን ማክሰኞ ባሕር ዳር መሆኑን፣ እሳቸው ላሟን ጥለው መሄድ እንደማይችሉ ተናገሩ። «የሠራሽው አንቺ ከሆንሽ አንቺው አድርሺው» አሏት። ብርቱካን እሺ አለች።

ማክሰኞ ጧት ክንዳቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ሐኪም ቤቱ ወረፋ ነበረበት፤ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከሁለት ሰዓት በላይ ጠበቁ። ቆይተው ጋሽ ይሻው ሥራዋን ጠየቋት፤ ከምን እንደምትሠራው፣ ማን እንዳስተማራት፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈላ። ከዘንቢሏ ወረቀቱ ያልለቀቀ አንድ ጠርሙስ አውጥታ አሳየቻቸው። ወደ ዓይናቸው አቅርበው፣ አርቀው፣ እንደገና አቅርበው አዩት።

«ያምራል» አሉ። «ግን ማን እንዲያነበው ነው የጻፍሽው?»

«የሚገዛው ሰው።»

«የሚገዛው ሰው ሲታጠብ መነጽሩን አውልቆ ነው። እኔ ውሃው ውስጥ ስገባ መነጽሬን ኮቴ ኪስ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። የኔ ጓደኞች ደግሞ ግማሾቹ ማንበብ አይችሉም። ወረቀትሽ ውሃውን ቢችል እንኳ እኛን አልቻለም።»

ብርቱካን ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ሐኪሙ ዓይኑ እንደተረፈ፣ የተነሳውም ሞራ ቦታ እንዳልተጎዳ፣ ለጥቂት ጊዜ ግን እንደሚያለቅስና ጠብታ እንደሚያስፈልገው ነገራቸው። ስትወጣ እፎይ ብላ መንገድ ዳር ትንሽ ቆመች። እሳቸው ክንዷን ያዝ አድርገው ሥራውን ልታቆመው እንደሆነ ጠየቋት። እንደምታቆመው ነገረቻቸው።

«አታቁሚው» አሉ ጋሽ ይሻው። «ቅባቱ ለጉልበቴ ጥሩ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ገዝቸዋለሁ። ወረቀቱን አስተካክለሽ አምጪልኝ። እኔ በየቀኑ ማለት ይቻላል ፍል ውሃ እሄዳለሁ። ይዤው እገባለሁ፤ የሆነውንም እነግርሻለሁ።»

እንዲህ ተጀመረ። ብርቱካን ደብረ ታቦር እንደተመለሰች መጀመሪያ የሄደችው ሀብታሙ ዘንድ ነው። ሀብታሙ ውሃ የማይነካው የፕላስቲክ ስቲከር አዲስ አበባ እንደሚታተም ያውቃል፤ ግን አንድ ሺህና ሁለት ሺህ ካላዘዙ አይሠሩም፤ መንገዱም አንድ ሳምንት ከተከፈተ አንድ ሳምንት ይዘጋል። ብርቱካን ያላት ገንዘብ ደግሞ የአንድ ወር ኪራይና አንድ ጆንያ እንዶድ መግዣ ነበር። ሌላ መላ ካለ ጠየቀችው። ሀብታሙ ትንሽ አሰበና ሁለት ወረቀት አነሳ፤ አንዱ ከቀለም ማተሚያው የወጣ፣ ሌላው ከጥቁርና ነጩ የፎቶ ኮፒ ማሽን የወጣ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሁለቱንም አሻቸው። የቀለሙ ወዲያው ሰማያዊ ጭቃ ሆነ። የፎቶ ኮፒው ንቅንቅ አላለም።

«ይኼኛው ፈሳሽ ቀለም ነው» አላት። «ይኼ ግን ዱቄት ነው፤ ማሽኑ ውስጥ በሙቀት ቀልጦ ነው ወረቀቱ ላይ የሚጣበቀው። ጽሑፉን ውሃ አያስለቅቀውም። ወረቀቱን ግን እኔ አላውቅልሽም።»

አበባውና የብርቱካኑ ሥዕል ቀሩ። ይህ አሳዝኗታል። በምትኩ ጽሑፉን በጥቁር፣ በትልቁ፣ ለሳሙናው በቢጫ ወረቀት፣ ለቅባቱ በነጭ ወረቀት አሳተመችው። ሳሙናው ላይ «ሳሙና» ከሚለው ሥር «ዓይን አይንካ» አስጻፈች። ስሟና ስልኳ እንዳለ ቀረ።

የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በሰፊ የፕላስቲክ ስኮች ከላይ ሸፍና በሐሙሲት መኪና ሾፌር በኩል ላከችላቸው። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይሻው ደወሉ። አስተማሪነታቸው አልለቀቃቸውም፤ ነጥብ ነበር የሰጧት።

«ከአሥር ሦስት» አሉ። «ሙቀቱ የስኮቹን ጫፍ ገለጠው። ከዚያ ውሃው በጠርዙ ገብቶ ወረቀቱን ከውስጥ አበሰበሰው። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ከሥር ገንፎ ነው።»

ቀጥሎ ሰም ሞከረች። ከደብሩ ጧፍ የሚያዘጋጁ ሴትዮ ቁራጭ ሰም ሰጥተዋት አቅልጣ በብሩሽ ቀባችው። ወረቀቱ እንደ መስታወት አብረቅርቆ አማረ፤ ባልዲ ውስጥም አንድ ቀን ሙሉ ቆየ። የባልዲው ውሃ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ጋሽ ይሻው አምስት ሰጧት። ሰሙ ፍል ውሃው ውስጥ እንደለሰለሰ፣ የፎጣው ጭራም፣ የድንጋዩ አፈርም፣ የሳቸው የራሳቸው ፀጉርም ተለጥፎበት እንደወጣ ነገሯት። ይህን ሲነግሯት ይስቁ ነበር፤ እሷም ከትእዛዝ ስልክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሰም ለሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ለወንዛዬ ግን አልሆነም።

ሦስተኛውን ያገኘችው ሳታስበው ነው። የተሰነጠቀውን የበሯን እንጨት ለማሠራት ሙላቴ የሚባሉ አናጢ ቤት ሄዳ ነበር። አዲስ የተሠራ ወንበር ቫርኒሽ ተቀብቶ ደጅ ሲደርቅ አየች፤ ዝናብ አካፍቶበት ውሃው እንክብል እንክብል ሆኖ ላዩ ላይ ቆሟል። ይህ ወረቀት ላይ ይያዝ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አናጢው እየሳቁ በቆርቆሮ ጣሳ ሥር የቀረችውን ጭላጭ ሰጧት፤ ብሩሹንም አዋሷት።

የፎቶ ኮፒውን ወረቀት እንደ ወትሮው በዱቄት ሙጫ ለጥፋ፣ ከላይ ቫርኒሹን ቀባችው። ትንሽ ቢጫ መሰለ እንጂ ጽሑፉ አልተነካም። ጋሽ ይሻው ግን ስድስት ብቻ ሰጡ። ጽሑፉ ደህና ነው፤ ወረቀቱ እንዳለ ከጠርሙሱ ተንሸራቶ እጃቸው ላይ ቀርቷል። የዱቄት ሙጫው ሟሙቷል ማለት ነው።

እንደገና ሙላቴ ዘንድ ሄደች። አናጢው ጠርሙሱን ተቀብለው በጣታቸው አሹት፤ ጣታቸውን አሸተቱ።

«ዘይት አለበት» አሉ። «ደግሞም በጣም ልሙጥ ነው። እኔ ዘይት በነካው እንጨት ላይ ብቀባ በሳምንቱ ይላጣል። መጀመሪያ በሳሙና አጥበሽ፣ በአልኮል ወልውይው። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገሽ አሻክሪው። ሙጫውን ተይው። ቫርኒሹ ራሱ ሙጫ ነው፤ ከሥርም ከላይም እሱኑ ቀቢው። ከወረቀቱ ጠርዝ አንድ ጣት አሳልፈሽ።»

ያን ጊዜ ገባት። ውሃው የሚገባው በመሃሉ አልነበረም፤ ሁልጊዜ በጠርዙ ነበር። ቀድሞ ጠርሙሱን የምትሞላው ወረቀቱን ከመለጠፏ በፊት ነበር፤ ስትሞላ ዘይት የነካ እጇ ነው ወረቀቱን የሚለጥፈው። አሁን ባዶውን ጠርሙስ አጥባ፣ ወልውላ፣ አሻክራ፣ ወረቀቱን ለጥፋ፣ ሲደርቅ በመጨረሻ ለመሙላት ወሰነች። አንዷ ጣሳ ቫርኒሽ ለስንት መቶ ወረቀት እንደምትበቃ ስታይ ገረማት፤ ስስ አድርጋ ከቀባችው አያልቅም። መስኮቱን ከፍታ ነበር የምትሠራው፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

የጋሽ ይሻው ሌላው ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰም ነበር። መነጽሩን ያወለቀ፣ ማንበብም የማይችል ሰው በምን ይለየው? መጀመሪያ ክር አሰበች፤ ክር ይበሰብሳል። መፍትሔውን ያገኘችው ጎሚስታ ቤት አጠገብ ስታልፍ ነው። የተቀደደ ከመነዳሪ፣ ጎማ ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ፣ ተከምሮ አየች። ለምና የሞተር ብስክሌት ከመነዳሪ አመጣች። አጥባ እንደ ቀለበት በመቀስ ቆረጠችውና በእያንዳንዱ የሳሙና ጠርሙስ አንገት ላይ አንድ አንድ አጠለቀች። ቅባቱ ላይ ምንም አላደረገችም። ዓይን ጨፍኖም ቢሆን እጅ ሲነካው ይታወቃል፤ ጎማ ያለበት ሳሙና ነው።

አራተኛውን ሙከራ በሾፌር አልላከችም። ራሷ ይዛ ሄደች። ኅዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ወይዘሮ ውዴም አብረው ወጡና ሦስቱ ወንዛዬ ወረዱ። ብርቱካን ሴቶች ከሚታጠቡበት በኩል ከወይዘሮ ውዴ ጋር ሆና እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ጠበቀች። ሴትዮዋ ጀርባቸውን እንድታሽላቸው ጠየቋት፤ ቅባቱንም ራሳቸው ከዘንቢሉ በእጃቸው ዳብሰው አወጡ። ጎማ የሌለበትን ነበር ያወጡት።

ጋሽ ይሻው ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ጠርሙሶቹን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። ውሃው ውስጥ እንደከተቷቸው፣ በድንጋይ እንዳሿቸው፣ በጥፍራቸው ጠርዙን ለመግለጥ እንደሞከሩ ተናገሩ። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው አነበቡት፤ ስሟንና ስልኳንም ጭምር።

«ዘጠኝ» አሉ። «አንዱን የቀነስሁት ለሽታው ነው። ሽታው ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይላል። ከመሙላትሽ በፊት ቀን ጨምሪለት።»

ቀን ጨመረችለት። አራት ቀን ነፋስ ላይ ሲቆይ ሽታው ጠፋ።

ከዚያ አዲሶቹን ጠርሙሶች ይዘው ሦስቱም ወደ ትእዛዝ ሱቅ ሄዱ። ትእዛዝ ጋሽ ይሻውን ስታይ የምትገባበት ጠፋት። የሆነውን ሁሉ እሳቸው ያውቁ ነበር፤ ብርቱካን ባትነግራቸውም ደርሰውበታል። ትእዛዝ ይቅርታ ልትጠይቅ ጀምራ አቃታትና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ጋሽ ይሻው ብስኩት ስጭኝ አሏት። ሰጠቻቸው። እዚያው ቆመው በሉት፤ ለወይዘሮ ውዴም ከፍለው ሰጡ። ከዚያ ስለ ጎማው ቀለበት እሳቸው ራሳቸው አስረዷት፤ ለሚገዛው ሰው ሁሉ ሳትነግር እንዳትሸጥ፣ በቃል እንድታስደግመው። ትእዛዝ ጠርሙሶቹን ከእንፋሎቱ ራቅ ባለ መደርደሪያ ላይ እንደገና ደረደረች።

ሁሉም ነገር እንደዚህ በቀና አላበቃም። የጋሽ ይሻው ግራ ዓይን ነፋስ ሲነካው አሁንም ያለቅሳል። ሐኪሙ ከዕድሜ ሊሆን ይችላል ብሏቸዋል። ብርቱካን ከዕድሜ ይሁን ከእሷ ሳሙና ልታውቅ አትችልም፤ ባገኘቻቸው ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ያን ዓይን ነው። እሳቸው ስለዚያ አንስተው አያውቁም።

ጥር ውስጥ አንዲት የማታውቃት ሴት ደወለችላት። አዲስዓለም እባላለሁ፤ ከገሳይ ነው የምደውለው አለች። አክስቷ ወንዛዬ ታጥበው ሲመለሱ የቅባቱን ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል። ቅባቱ አልቆ፣ አክስቷ ውሃ ይቀዱበት ጀምረው፣ በየቀኑ ይታጠባል፤ ወረቀቱ ግን እስካሁን እንዳለ ነው። አዲስዓለም መኪና በሚቆምበት መንገድ ዳር ማርና ሰናፍጭ በጠርሙስ ትሸጣለች። ጭጋጉና ካፊያው ወረቀቷን ስለሚያበላሸው የሚያልፈው ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ትቷት ይሄዳል። ስቲከሩን የት እንዳሳተመችው፣ ምን ያህል እንዳስወጣት ልትጠይቃት ነበር የደወለችው።

ብርቱካን በስልክ ልትነግራት ጀመረች። ፎቶ ኮፒው፣ አልኮሉ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ፣ ቫርኒሹ፤ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ግን በቃል ማስረዳት አቃታት። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለቻት።

ቅዳሜ ስትደርስ የጠበቀችው አንዲት ሴት ነበር፤ ያገኘችው አምስት ሴቶች ነው። ከአዲስዓለም ሌላ አንዷ ቅቤ ትሸጣለች፣ አንዷ የተፈጨ ሽሮ፣ ሁለቱ ማር። በአዲስዓለም ደጃፍ ጠረጴዛ ወጥቶ ጠርሙስ ተደርድሯል። ብርቱካን እጅጌዋን ሰብስባ መጀመሪያ ሁሉንም ጠርሙስ እንዲያጥቡ አዘዘች። አንዲቱ የታጠበ ነው ስትል ብርቱካን የሴቲቱን ጣት ይዛ አሸችበት፤ ማሩ ተጣበቀ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እንደገና ውሃ ቀረበ። ቫርኒሹ የጠርሙሱን አፍ እንዳይነካ፣ የሚበላ ነገር ስለሆነ ሳይደርቅ እንዳይሞሉት፣ ሳይቸኩሉ አራት ቀን ነፋስ ላይ እንዲያቆዩት ነገረቻቸው።

አዲስዓለም የምታሳትመውን ጽሑፍ በእርሳስ ስትጽፍ «የገሳይ ንጹሕ ማር» ብላ አቆመች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀች፤ ስሟን መጻፍ ግድ ነው ወይ? ነገር ቢመጣባትስ?

ብርቱካን ብሩሹን ጣሳው አፍ ላይ አስቀመጠች። ስለ ጋሽ ይሻው ነገረቻቸው፤ ከስልኩ ጀምራ፣ ወይዘሮ ውዴ በር ላይ እንዳቆሟት፣ ባሕር ዳር አግዳሚ ላይ ያሏትን፣ ነጥቦቹን ሁሉ። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ሰሙ።

«ነገር ይመጣል» አለች ብርቱካን። «ሲመጣ የት እንደሚያገኙሽ ይወቁ።»

አዲስዓለም ስሟን ጻፈች። ቀጥላ ስልኳን ጻፈች፤ አንዱን ቁጥር ተሳስታ ደመሰሰችና አስተካከለችው። ቅቤ ሻጯ የኔንም ጻፊልኝ ብላ ወረቀቷን አቀበለቻት። ከንፋስ መውጫ በኩል የመጣ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ መንገድ ዳር ቆመ፤ ሁለት ተሳፋሪዎች ወርደው ወደ ጠረጴዛው መጡና ምን እንደሚሸጥ ጠየቁ። አዲስዓለም ገና እንደሆነ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚደርስ ነገረቻቸው። ብርቱካን ብሩሹን አነሳችና ቀጣዩን ጠርሙስ ወደ ራሷ ሳበች።